ዮሴፍ ለብቻው የበላበት ማዕድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዘፍጥረት 43ን ስናነብ ብዙ ጊዜ ልባችን የሚያርፈው ብንያም ከወንድሞቹ አምስት እጥፍ ድርሻ ማግኘቱ ላይ ነው። ከዚያ ከፍ ብሎ ቁጥር 32 ላይ ያለውን ዘለን እናልፋለን። ለዮሴፍ ለብቻው ቀረበለት። ለወንድሞቹም ለብቻቸው። አብረው ለነበሩት ግብፃውያንም ለብቻቸው። ግብፃውያን ከዕብራውያን ጋር መብላትን እንደ ርኩሰት ይቆጥሩት ነበር።

እስቲ አስቡት። ሰውየው ከፈርዖን ቀጥሎ የሀገሩ ገዥ ነው። ጎተራው የሚከፈተው በእሱ ትእዛዝ ነው። ግን በገዛ ቤቱ፣ ከሚታዘዙት ሰዎች ጋር አንድ ገበታ አይቀርብም። እኛ ብንሆንስ? አንድ መሶብ ከበን እየተጎራረስን ያደግን ሰዎች ነን። እኛ ቤት ለብቻው የሚበላ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። ዮሴፍ ግን በዚህ ሲያኮርፍ አናነብም። ሥልጣኑ ነበረውና "ከዛሬ ጀምሮ አብራችሁኝ ትበላላችሁ" ብሎ ማዘዝ ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ። አላዘዘም።

ይህን ያነሣሁት ውጭ ሀገር ስላላችሁት ልጆቻችን ነው። ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከሸዋ ሮቢት ወጥታችሁ ቤይሩት አላችሁ፣ ሪያድ አላችሁ፣ ዋሽንግተን አላችሁ። ለሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቻችሁ የምትልኩት የድምፅ መልእክት አብዛኛው ስለ ትልቅ መከራ አይደለም። "ጎረቤቴ ሰላም አይለኝም።" "ሻይ ትጠጫለሽ ብለው አንዴ ጠየቁኝና ተዉት።" "አለቃዬ አባቴን ያህላል፤ በስሜ ጥራኝ ይለኛል።" ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ግን በየቀኑ ስለሚደጋገሙ ያደክማሉ። ማታ ለጸሎት ስትቆሙም አብረው ይቆማሉ።

የሻይዋን ነገር እንያት። እኛ ጋ እንግዳ ሲቀርብለት መጀመሪያ "አይ፣ አሁን ነው የበላሁት" ማለቱ ወግ ነው። ባለቤቷም "በሞቴ!" ትላለች። "አፈር ስሆን!" ትላለች። ኋላ ላይ ይቀመሳል። እንደሚቀመስ ሁለቱም ከመጀመሪያው ያውቁታል። ይህ ወግ የሌለበት ሀገር ሄደሽ "አይ፣ አመሰግናለሁ" ካልሽ ግን አመኑሽ ማለት ነው። ሻይዋ ቀረች። አንቺ ክፍልሽ ገብተሽ "አቤት ንፍገት!" ትያለሽ። እነሱ ደግሞ ቃልሽን አክብረው ነው የተዉሽ። ደጋግሞ መወትወት እነሱ ጋ ነውር ነው። ማንም ማንንም አልበደለም። ሆኖም አንድ ቤተሰብ ሙሉ ተፈርዶበታል።

ብዙዎቻችን ትዕግሥት ሲባል ቁጣን መዋጥ ይመስለናል። የተዋጠ ቁጣ ግን ቆይቶ ይወጣል፤ ያውም በማይመለከተው ሰው ላይ። በዕለት ኑሮ ውስጥ ለሚያጋጥም የባህል ልዩነት የሚያስፈልገን ከዚያ ቀድሞ የሚመጣው ነው፤ ፍርድን ማዘግየት። ሰውየው ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሳታውቅ ክፋቱን አትወስን። ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 5 ታገሡ ሲለን ምሳሌ ያደረገው ገበሬን ነው። የፊተኛውንና የኋለኛውን ዝናብ የሚጠብቅ ገበሬ። መንዝና ጣርማበር ለሚያርስ ሰው ይህ አይብራራለትም። በልግ ዘገየ ብሎ መሬቱን አይረግምም፤ በበልግ ያጣውን በመኸር ሊያገኘው ይችላል። የማታውቁትን ሀገር ሰውም በመጀመሪያው ወር አትጨርሱት።

ተስዓቱ (ዘጠኙ) ቅዱሳን የምንላቸው መነኮሳትም የመጡት ከባዕድ ሀገር ነው። ገድላቸው እንደሚነግረን ወደየበረሃው ወጥተው ገዳም ከመመሥረታቸው በፊት አክሱም ተቀምጠው የሀገሩን ቋንቋና ልማድ ተምረዋል። መምህራን ሆነው ሳለ ተማሪ ሆኑ። ዛሬ ግን ከሄድን ሳምንት ሳይሞላን "የዚህ ሀገር ሰው እኮ…" ብለን መተንተን እንጀምራለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። አንዳንዱ ሰባኪ ሁሉንም "ቻሉት፣ ዋጋ አለው" ብሎ ያልፋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ደመወዝ መከልከል፣ ፓስፖርት ቀምቶ መያዝ፣ እጅ ማንሣት ባህል አይደለም። በደል ነው። ዮሴፍን እዩት። በማዕድ ልማዳቸው አልተከራከረም። የጌታው ሚስት ስትፈትነው ግን "በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ኃጢአትን እሠራለሁ?" አላት፤ ኋላም ልብሱን ስትይዘው ልብሱን ትቶ ሸሸ። እስር ቤት ሲጣል ደግሞ ዝም አላለም። ለጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃ "ለፈርዖን ንገርልኝ" አለው። ከዕብራውያን ሀገር ተሰርቆ እንደመጣ፣ ለእስር የሚያበቃ ነገርም እንዳላደረገ ተናገረ። አዎ፣ ሰውየው ረሳው፤ ሁለት ዓመትም አለፈ። መናገሩ ግን ትዕግሥት ማጣት ተብሎ አልተቆጠረበትም። ስለዚህ እኅቴ፣ ተበድለሽ ከሆነ ለምታምኛት ሀገርሽ ልጅ፣ እዚያ ላለችው ቤተ ክርስቲያን፣ ለኤምባሲ ተናገሪ።

ከባህልና ከበደል መሐል ደግሞ የእምነት ነገር አለ። ዓረብ ሀገር በሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶች በዐቢይ ጾም ትቸገራላችሁ። 55 ቀን ሥጋውንም ወተቱንም እንቁላሉንም ትተሽ ስትውይ የቤቱ እመቤት "ምግባችንን ተጸይፋ ነው" ብትል አይፈረድባትም። ዝም ስትያት ግምቷ እየጠነከረ ይሄዳል። በምታውቂያት ቃል ንገሪያት። ረመዳንን የሚጾሙ ሰዎች ናቸው፤ ጾም ምን እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብሽም። የእኛ ከምን ከምን እንደሚከለክል ብቻ ነው የሚቀረው። አንዳንዷ ከዚያ በኋላ ምስሩን ራሷ የምታዘጋጅ እመቤት አግኝታለች። ያላገኘችም አለች፤ እሷ ደግሞ በአቅሟ ትጹም፣ ለንስሐ አባቷም ደውላ ታማክር።

ናፍቆቱስ? ዮሴፍ ያን ቀን ብንያምን ሲያይ አንጀቱ አልቻለም። ፈጥኖ ወደ እልፍኝ ገባና አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን ታጥቦ ወጣ፤ ራሱን አጽንቶም "እንጀራ አቅርቡ" አለ። ግብፅ ከገባ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሚስት አግብቷል፣ ልጆች ወልዷል፣ የግብፃውያንን ቋንቋ ስለሚናገር ከወንድሞቹ ጋር በአስተርጓሚ ነበር የሚያወራው። ያም ሆኖ አለቀሰ። ማልቀስ አለመልመድ አይደለም። መልመድም ሀገርን መካድ አይደለም። በ110 ዓመቱ ሲሞት እኮ አጥንቴን ከዚህ ውሰዱልኝ ብሎ አስምሏል።

አሁን ወደ እኛ፣ እዚሁ ወዳለነው ልመለስ። ሰሜን ሸዋ ለባዕድ ሰው አዲስ አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች አንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጥተው ተቀምጠዋል። ደብረ ብርሃንም የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የውጭ ሀገር ሰው በከተማችን ማየት ብርቅ አይደለም። ሰላምታ አያውቁም፣ ቡና ሲጠሩ አይቆዩም እያልን እናማቸዋለን። አቦሉን ጠጥቶ የሚነሣ ሰው ቶናና በረካ እንዳለ ማን ነገረው? ኦሪት ዘጸአት 23 እስራኤልን ስደተኛውን አታስጨንቁ ሲል ምክንያቱ እነሱም በግብፅ ስደተኞች ስለነበሩ ነው። ልጁን ዓረብ ሀገር የላከ ሰው ይህን ቃል ከማንም በላይ ሊሰማው ይገባል።

ልጆቻችሁንም ታገሡአቸው። ለዕረፍት መጥታ "የሚበላ አለ?" ብላ በቀጥታ ስትጠይቅ "ዐይን አወጣች" አትበሏት። ስትደውሉም ሰዓቱን አስቡ። ሪያድ ያለችው ከእኛ ጋር በአንድ ሰዓት ናት፤ እሷን ሥራ ላይ እንዳትሆን ብቻ ጠይቋት። ዋሽንግተን ያለው ልጅ ግን እናንተ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ቁርስ ስትበሉ እሱ ጋ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ስልኩን ካላነሣ ተኝቶ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።