ስለ ቡና ገበሬው ግብር እና ስለ ቡና ግብይት ሕግ በጅማ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከጅማ ከተማ ብዙ በማይርቅ አንድ ቀበሌ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ በዕድሜ የገፉ የቡና ገበሬ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በፌስታል የተጠቀለሉ ወረቀቶች አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉልኝ። «የዘንድሮን ግብር አንድም ሳላስቀር ከፍያለሁ፤ ይኸው ልጄ፣ እየው» አሉኝ። ወረቀቶቹ አራት ናቸው። አንደኛው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ደረሰኝ ነው። ሁለተኛው ለትምህርት ቤት ማስፋፊያ ያዋጡት ገንዘብ ደረሰኝ፣ ሦስተኛው በኅብረት ሥራ ማኅበር የገዙት ዕጣ ማስረጃ ነው። አራተኛው ቁጥርም ማኅተምም የሌለው፣ በእስክሪብቶ ብቻ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ነበር። ለእርሳቸው ግን አራቱም «ግብር» ናቸው።

የመሬት ሕጉ በታደሰበት፣ የቡና ግብይቱ በተከፈተበት፣ የግብር ሕጎች በየጊዜው በሚሻሻሉበት በዚህ ወቅት ይህ መደባለቅ ገበሬውን ገንዘብ ያስከፍለዋል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች አንድ በአንድ ላንሣ።

«ቀበሌ የሚጠይቀው ገንዘብ ሁሉ ግብር ነው።»

አይደለም። ግብር በሕግ የተጣለ፣ መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ የሚቆረጥለት ግዴታ ነው። አርሶ አደሩ በዚህ ስም የሚከፍላቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ለያዘው መሬት የሚከፍለው የመጠቀሚያ ክፍያና ከእርሻው ከሚያገኘው ገቢ ላይ የሚከፍለው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ናቸው። ሁለቱ አንድ ቀን፣ በአንድ መስኮት ስለሚከፈሉ ሰው እንደ አንድ ያያቸዋል እንጂ መነሻቸው ይለያያል፤ ይህ አከፋፈልም ቢያንስ መሬት ለሕዝብ ከታወጀ በኋላ በ1968 ዓ.ም. ከወጣው ሕግ ጀምሮ የቆየ ነው። መዋጮ ሌላ ነው። ለመንገድ ወይም ለትምህርት ቤት ሲሰበሰብ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም መሠረቱ የኅብረተሰቡ ስምምነት ነው፤ እርሱም ቢሆን ያለ ደረሰኝ ሊሰበሰብ አይገባም። በአባታችን እጅ የነበረው አራተኛው ወረቀት ግብርም መዋጮም ብሎ ለመጥራት የሚያበቃ ነገር አልነበረውም። ገንዘቡ የት እንደገባ ሊያሳይ የሚችል አንድም ምልክት የለበትም።

«ብዙ ቡና ካመረትኩ ግብሩ ይጨምርብኛል።»

ይህን የሚሉ ገበሬዎች ምርታቸውን ለጎረቤት እንኳ ደብቀው ይናገራሉ። በክልሉ ሲሠራበት የኖረው የአነስተኛ አርሶ አደር የእርሻ ገቢ ግብር ግን በአመዛኙ የሚሰላው በይዞታ ስፋት ነው። አንድ ሄክታር መሬት ያለው ገበሬ ያረጀ ቡናውን ጎንድሎ፣ ከመልኮ የምርምር ማዕከል የወጣ የተሻሻለ ዝርያ ተክሎ ምርቱን ቢያሳድግ፣ በዚያ ምክንያት ብቻ የግብር መደቡ አይለወጥም። ትጋትን የማይቀጣ መሆኑ የዚህ አሠራር መልካም ጎኑ ነው።

መጥፎ ጎኑም ከዚያው ይመነጫል። ቡና አንድ ዓመት አዝሎ በሚቀጥለው የሚያርፍ ተክል ነው፤ በላዩ ላይ የቡና ፍሬ በሽታ አለ፣ የዋጋ መውደቅ አለ። በስፋት የሚሰላ ግብር ዛፉ ያረፈበትን ዓመት አያይም፤ ለም የሆነውን የሊሙን መሬትና ተዳፋት ላይ ያለውን የተሸረሸረ ማሳም አይለይም። የታክስ ማሻሻያ ሲታሰብ መጀመሪያ መነካት ያለበት ይህ ይመስለኛል፤ የመሬቱ ለምነትና የዓመቱ ሁኔታ በስሌቱ ውስጥ ይግባ። ገቢን ራሱን በየቤቱ ቆጥሮ ግብር መጣል ግን የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ ገበሬ ከስፋቱ ስሌት የባሰ ይሆናል፤ ግምቱ በገማቹ ሰው ፈቃድ ላይ ይወድቃልና።

«የምንከፍለው ሁሉ አዲስ አበባ ነው የሚሄደው።»

ይህ አመለካከት የቆየ ታሪክ አለው። በንጉሥ አባ ጅፋር ዘመን ጅማ የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ የቆየችው ለማዕከላዊው መንግሥት በየዓመቱ ግብር እየላከች ነበር፤ «ግብር» ሲባል ወደ መሀል አገር የሚጫን ነገር ሆኖ በሰው አእምሮ መቅረቱ አያስገርምም። አሁን ያለው ሕግ ግን የተለየ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 97 የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን፣ የገበሬውን የእርሻ ገቢ ግብርና የግለሰብ ነጋዴዎችን ግብር ለክልሎች ሰጥቷል፤ በገቢና በወጪ ንግድ ላይ የሚጣለው ቀረጥና ታክስ ደግሞ በአንቀጽ 96 የፌዴራል መንግሥት ነው። ስለዚህ የጅማ ገበሬ ስለ መሬት ክፍያው ተመን ጥያቄ ሲኖረው፣ ጥያቄው የሚቀርበው ለኦሮሚያ ክልል ነው። ከወረዳና ከክልል በጀት አንዱ ክፍል በተቃራኒው ከፌዴራል በድጎማ እንደሚመጣም መታወቅ አለበት።

«የግብር ደረሰኝ ካለኝ መሬቱ የእኔ ነው።»

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የመሬት ግብር ደረሰኝ በክርክር ጊዜ ከባድ ማስረጃ ነበር። ዛሬ መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ ይህን መብት የሚያረጋግጠውም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ነው። ደረሰኙ ደጋፊ ማስረጃ ሊሆን ይችላል እንጂ የደብተሩን ቦታ አይተካም። አዲሱ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ መበደር የሚችልበትን መንገድ ስለከፈተ የደብተሩ ዋጋ ከፍ ብሏል። ደብተሩ ላይ የሚስት ስም መኖሩን፣ የወሰን ጎረቤቶችም በትክክል መጻፋቸውን ዛሬውኑ ማየት ተገቢ ነው።

«በላኪው ላይ የሚጣል ታክስ ገበሬውን አይነካም።»

ይህ በጣም የሚጎዳ ስሕተት ነው። የአረቢካ ቡና ዋጋ የሚነሣው ከኒውዮርክ ገበያ ስለሆነ ላኪው ታክስ ተጣለብኝ ብሎ የውጭውን ገዢ ተጨማሪ ማስከፈል አይችልም። በአንድ ፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ፣ ላይ አዲስ ወጪ ቢመጣበት ለአቅራቢው የሚከፍለውን ይቀንሳል። አቅራቢው ለሰብሳቢው፣ ሰብሳቢውም እሸት ቡና ይዞ ከሚዛኑ ፊት ለቆመው ገበሬ ይቀንሳል። ገበሬው የሚቀንስበት ሰው የለውም። በየኬላው የሚጠፋ ጊዜና ያለ ደረሰኝ የሚከፈል ገንዘብም የሚወርደው በዚሁ መንገድ ነው። ባለፉት መንግሥታት ቡና ላይ የተደራረበ ታክስ ሲጣል ከዓለም ዋጋ ለገበሬው የሚደርሰው ድርሻ ይቀንስ ነበር፤ ቡና ዋጋ ሲያጣ ደግሞ ጫት የማሳውን ቦታ ይወስዳል።

«ቡና የሚሸጠው በምርት ገበያ በኩል ብቻ ነው።»

ምርት ገበያ ሲባል የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የተባለው የግብይት ተቋም ነው፤ አባባሉም በቡና ግብይት አዋጅ ቁጥር 602/2000 ዘመን ለአቅራቢዎችና ለላኪዎች በአመዛኙ እውነት ነበር። ያን ጊዜም ቢሆን የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የራሳቸውን ምርት የሚልኩ አምራቾች በቀጥታ መላክ ይችሉ ነበር፤ ገበሬው ራሱም ቡናውን የሚሸጠው በአቅራቢያው ባለ የመጀመሪያ ደረጃ ገበያ እንጂ በምርት ገበያው አዳራሽ አልነበረም። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ሕጉን ተክቶ አማራጩን አስፍቷል፤ በኋላም ላኪው ከአቅራቢው ጋር በውል ተሳስሮ በቀጥታ የሚገዛበት የትስስር ግብይት መጥቷል። ሳይታጠብ ከነገለፈቱ የደረቀው የጅማ ጀንፈልም ሆነ የታጠበው የሊሙ ቡና ዛሬ በእነዚህ መንገዶች ሁሉ ይሄዳል። ገበያው ተከፈተ ማለት ግን ፈቃድ ቀረ ማለት አይደለም፤ ያለ መሸኛ የተጓጓዘ ቡና ይወረሳል፤ ፈቃድ ለሌለው ሰው በዱቤ የሸጠ ገበሬ ገንዘቡን ለማስመለስ የሚይዘው ማስረጃ አይኖረውም።

«ማኅበሩ ግብር ስለማይከፍል እኔም በድርሻዬ አልከፍልም።»

የኅብረት ሥራ ማኅበሩ በትርፉ ላይ ነጻ ነው፤ አባሉ ከትርፍ ክፍፍል በሚያገኘው ገንዘብ ላይ ግን ግብር አለበት።

«ማሳችንን በስልክ የሚለኩት ግብር ሊጨምሩብን ነው።»

በጎማና በጌራ ጫካ ቡና ዙሪያ ስልክ ይዘው የሚዞሩ ልኬተኞች ሲታዩ ይህ ፍርሃት ይነሣል፤ ፍርሃቱንም አልንቅም። የልኬቱ መነሻ ግን የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያወጣው ከደን ጭፍጨፋ ነጻ ምርት ሕግ ነው። ሕጉ ወደ አውሮፓ የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተጨፍጭፎ ከተዘጋጀ መሬት እንዳልመጣ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ የወሰኑ ዙሪያ ይመዘገባል፤ ለአነስተኛ ማሳ ግን አንድ የቦታ ነጥብ ይበቃል። የሕጉ ተፈጻሚነት ከአንዴም ሁለቴ ተራዝሟል፤ ሕጉ የገበሬውን ገቢም ሆነ የፈረሱላ ብዛት ለግብር ብሎ አይጠይቅም። ልኬተኛው ሲመጣ ማንነቱንና የላከውን ድርጅት መጠየቅ፣ የመዘገበውን ስምና የማሳ ስፋት ከደብተሩ ጋር አስተያይቶ ስሕተት ካለ እዚያው ማሳረም፣ ቅጂም መቀበል የገበሬው መብት ነው። እኚያ አዛውንት የተላከላቸውን ልኬተኛ ደብተሩን ዘርግተው ሲጠይቁት፣ ማሳቸው በጎረቤታቸው ስም ተመዝግቦ አግኝተውት ነበር።