የተለገሰ ብሌንና የወሎ ዓይን፦ ልገሳ፣ ንቅለ ተከላና የግንድ ሕዋስ ሕክምና

የዓይን ብሌን ልገሳ፣ ሰው ካረፈ በኋላ ከዓይኑ ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ተነሥቶ ብሌኑ በጠባሳ ለታወረ ሰው የሚተከልበት አሠራር ነው። ሽፋኑ በሐኪሞች ቋንቋ ኮርኒያ ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ ብሌን የምንለውም እርሱን ነው። ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን መሐሉ ላይ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ጥቂት ብቻ ያልፋል። በዕለት ንግግር ግን ብሌን ሲባል ሰው የሚያስበው የዓይኑን ጥቁር ነው፤ አንዳንዱም መላውን ዓይን። ለቅሶ ቤት «ዓይናቸውን ሊያወጡት ነው» የሚል ወሬ የሚነሣው ከዚህ የቃል መደባለቅ ነውና፣ ስለ ልገሳ የሚያስረዳ ሰው በቅድሚያ ሊያጠራው የሚገባው ይህንኑ ነው።

ብሌን የደም ሥር የለውም። ስለዚህ የደም ዓይነት ማዛመድ አያስፈልግም፤ የሽማግሌ ብሌን ለወጣት፣ የክርስቲያኑ ለሙስሊሙ፣ የወንዱ ለሴቷ ይሆናል። መነጽር ያደረገ፣ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት፣ የዓይን ሞራ የተነሣለት ሰውም መለገስ ይችላል።

የወሎ ብሌን በምን ይጎዳል

በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6ቱ ዓይነ ስውር ሆነው ተገኝተዋል። ከመንሥኤዎቹ 49.9 በመቶው የዓይን ሞራ ነበር፤ ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል እንጂ የሰው ብሌን አይፈልግም። በትራኮማ የመጣ የብሌን ጠባሳ 11.5 በመቶ፣ በሌላ ምክንያት የመጣ ጠባሳ ደግሞ 7.8 በመቶ ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ ከአምስት ዓይነ ስውራን የአንዱ ችግር ያለው ብሌኑ ላይ ነው ማለት ነው። በዚያው ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 62.6 በመቶዎቹ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው።

ትራኮማ ብሌኑን የሚያጠፋው በአንድ ጊዜ አይደለም። ተደጋግሞ የያዘ ኢንፌክሽን የላይኛውን የዓይን ቆብ ከውስጥ በኩል ያጠባስሰዋል፤ ጠባሳው ሲኮማተር የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ የታጠፈው ፀጉርም ዓይን በተከደነ ቁጥር ብሌኑን ይፈገፍገዋል። የገጠር እናቶች በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት ወረንጦ የዚህ ሕመም ምስክር ነው። ፀጉሩን መንቀል ለጥቂት ቀን ያሳርፋል፤ ሆኖም ሥሩ ሳይነቀል መሐሉ ላይ የተሰበረ ፀጉር አጭርና ሹል ጉቶ ሆኖ ስለሚቀር ከበፊቱ የባሰ ይወጋል።

ከትራኮማ ቀጥሎ የሚመጣው የአዝመራ ጉዳት ነው። በውቂያ ሰሞን የገባ ገለባ፣ የማሽላ ቅጠል ጠርዝ ወይም የቁልቋል እሾህ ብሌኑን ይጭርና ፈንገስ ይዘራበታል። በጣም የሚከፋው ሕመምተኛው ያለ ምርመራ ስቴሮይድ (መቅላትን የሚያበርድ፣ የሰውነትን መከላከያ ግን የሚያዳክም መድኃኒት) ያለበት ጠብታ ገዝቶ ሲያደርግ ነው፦ መቅላቱ በሁለት ቀን ይጠፋል፣ ፈንገሱ ግን መከላከያ አጥቶ ብሌኑን እስከ መብሳት ይደርሳል። ኖራ የገባበት ዓይን ደግሞ ሆስፒታል እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም። ኖራ እየሰረገ የሚሄድ ነገር ስለሆነ ቆቡን ገልብጦ ቅንጣቶቹን ማስወገድና ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ማጠብ እዚያው በቦታው የሚሠራ ሥራ ነው። የሥጋ ደዌም የፊትን ነርቭ ሲጎዳ ዓይን አልከደን ይላል፤ ብሌኑ ደርቆ ይቆስላል፣ ስሜቱ ስለደነዘዘም ሕመምተኛው ቁስሉን ሳያውቀው ይቆያል።

ተቋማቱ

የቦሩ ሜዳ ስም በብዙ አንባቢ ዘንድ የሚታወቀው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። ለወሎ ሕመምተኛ ግን ቦሩ ሜዳ ማለት ዓይን ነው። ከደሴ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው ሆስፒታል በሚሲዮናውያን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተጀመረ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ ከሰሜንና ከደቡብ ወሎ፣ ከዋግና ከአፋር ጭምር ሰው በእጅ እየተመራ የሚመጣበት የዓይን ሕክምና ቤት ሆኗል። የሥጋ ደዌና የዓይን ሕክምና በአንድ ግቢ መገናኘታቸው የአጋጣሚ ቢመስልም፣ ከላይ እንደተባለው የማይከደነውን ዓይን ቀድሞ የሚያየው የሥጋ ደዌ ባለሙያ ነውና እጅግ የሚገባ ነው።

በገጠሩ የተሠራው ሥራ ከዚህ አያንስም። ካርተር ሴንተር፣ የላየንስ ክለቦችና የክልሉ ጤና ቢሮ በጋራ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ባካሄዱት የወባና የትራኮማ ሳምንት ዚትሮማክስ የተባለው የትራኮማ መድኃኒት ታድሏል፤ የታጠፈ ቆብ የሚያቀኑ ነርሶችም በጤና ጣቢያ ደረጃ ሠልጥነዋል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሕክምና ትምህርት ደሴ ላይ መሠረት ያዘ። የደሴ ሪፈራል ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ መሣሪያዎቹ ተዘርፈውና ወድመውበት ዳግም ከባዶ ጀምሯል።

በሀገር ደረጃ የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ኦርቢስ በተባለው ዓለም አቀፍ የዓይን ሕክምና ድርጅት ድጋፍ ተቋቁሞ ከዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ጋር ሲሠራ ቆይቷል። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ብሌናቸውን ለመለገስ ቃል ከገቡት አንዱ ነበሩ። ኋላ የደምና የሕብረ ሕዋስ ሥራ አንድ ላይ ተጠቃሎ የኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት ተብሏል። ማቀዝቀዣው፣ የደም ምርመራውና የበጎ ፈቃደኛ ምዝገባው ለሁለቱም የሚያስፈልጉ ስለሆኑ ጥምረቱ የሚያስኬድ ነው፤ ደም ባንክ ያለበት ከተማ የሕብረ ሕዋስ ሥራን ግማሽ መንገድ ጀምሮታል ማለት ይቻላል።

ብሌን እንዴት ይነሣል

የሥራው ሁሉ ቁልፍ የብሌኑ የውስጠኛ ገጽ ነው። እዚያ የተደረደሩት ሕዋሳት ውኃ ወደ ውጭ እየገፉ ብሌኑን ጥርት አድርገው የሚያቆዩ ናቸው። በአዋቂ ሰው በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ከ2,500 እስከ 3,000 ይሆናሉ፤ የሞተ ሕዋስ በሌላ አይተካም፣ የቀሩት ተለጥጠው ቦታውን ይሸፍናሉ እንጂ። ለንቅለ ተከላ ብዙ ባንኮች ከ2,000 በታች አይቀበሉም። ሰው ካረፈ በኋላ እነዚህ ሕዋሳት በየሰዓቱ ይሞታሉ፤ ስለዚህ ብሌኑ በ6 ሰዓት ውስጥ ይነሣል። አስከሬኑ ቶሎ ቀዝቃዛ ቦታ ከገባ እስከ 12 ሰዓት የሚሄዱም አሉ።

እስከዚያ የቤተሰብ ድርሻ ቀላል ነው፦ ቆቡን መክደን፣ በላዩ በንጹሕ ውኃ የራሰ ጥጥ ማድረግ፣ ራሱን በትራስ ከፍ ማድረግ፣ ክፍሉን ማቀዝቀዝ። ራስ ከፍ ካላለ ደም ወደ ፊት ይወርድና ከሥራው በኋላ ቆቡ ይጠቁራል፤ ቤተሰብን ከሚያስቀይሙ ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ባለሙያው መጀመሪያ የሞቱን ምክንያት ያጣራል። ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ የደም መመረዝ፣ የደም ካንሰርና ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ያስቀራሉ። ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ለምርመራ ይቀዳል። ዓይኑ በ5 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ተነክሮ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያም በሳላይን በደንብ ይታጠባል፤ አዮዲኑ ከቀረ የብሌኑን ገጽ ያቃጥላል። ቆቡ በመክፈቻ ይያዛል፣ የነጩ ዓይን ስስ ሽፋን ዙሪያውን ይገፈፋል፣ ከብሌኑ ጠርዝ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ ነጩ በስለት ይከፈትና በቆልማማ መቀስ ክብ ይቆረጣል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መቀሱ ጠልቆ ከገባ ፈሳሹ ይወጣል፣ ብሌኑ ይታጠፋል፣ እጥፋቱ ያረፈበት መሥመር ላይ ያሉት ሕዋሳት ሁሉ ይሞታሉ። ስለዚህ ብሌኑ ወደ ላይ አይጎተትም፤ ነጩ ጠርዝ በመቆንጠጫ ተይዞ ከሥሩ ያለው ሕብረ ሕዋስ ወደ ታች ይገፋል። ብሌኑ እንደ ትንሽ ጀበና ክዳን ተገልብጦ ማቆያ ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ጠርሙሱ ላይ ቀኝ ወይም ግራ፣ የሞት ሰዓትና የተነሣበት ሰዓት ይጻፋል። ከቆቡ ሥር የዓይን ቅርጽ ያለው ፕላስቲክ ይደረጋል፤ ፊቱ እንደነበረ ነው። ሁሉም ከ20 ደቂቃ ብዙ አይዘልም።

የማቆያ ፈሳሹ ዓይነት ቀኑን ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የማኬሪና ካውፍማን ፈሳሽ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ4 ቀን ያህል ያቆያል፤ ኦፕቲሶል እስከ 14 ቀን። ጠርሙሱ የሚያቀዘቅዘውን በረዶ በቀጥታ መንካት የለበትም፤ የበረደ ብሌን ይጠቅማል፣ በረዶ የሠራ ብሌን ግን ይጣላል።

እዚህ ላይ የወሎን ሒሳብ ማስላት ይገባል። ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ጣርማ በርን ወጥቶ ወርዶ የሚመጣ ቡድን በ6 ሰዓት ውስጥ አይደርስም። የተነሣ ብሌን ግን ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ሄዶም ሆነ በመኪና አድሮ ቀናት ይተርፉታል። ስለዚህ ወሎን ከልገሳ የሚያግደው መንገዱ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ደሴ ላይ በተረኛነት የሚጠራ የሠለጠነ እጅ፣ አንድ የመሣሪያ ሣጥንና ጥቂት ጠርሙስ ፈሳሽ ነው።

ንቅለ ተከላውና ከዚያ በኋላ

የመጀመሪያውን የተሳካ ንቅለ ተከላ ኤድዋርድ ዚርም እ.ኤ.አ. በ1905 በኦሎሙትስ ከተማ ሠሩ፤ ታካሚው ዓይኑን ኖራ ያቃጠለው ሠራተኛ ነበር። ዛሬ የተጎዳው ብሌን መሐሉ በ7 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ክብ ስለት ይወጣል፣ የለጋሹ በሩብ ወይም በግማሽ ሚሊ ሜትር ሰፋ ተደርጎ ይቆረጥና ከፀጉር በቀጠነ የናይሎን ክር፣ ብዙ ጊዜ በ16 ስፌት፣ ይያያዛል።

ቀዶ ሕክምናው የሥራው አጭሩ ክፍል ነው። ክሮቹ ከአንድ ዓመት በላይ ዓይን ውስጥ ይቆያሉ። አንዱ ከላላ ንፋጭ ይይዛል፣ ንፋጩ ጀርም ይስባል፣ በቀናት ውስጥ ብሌኑ ይመግላል። የስቴሮይድ ጠብታው ካለቀ ሰውነት ብሌኑን እንደ ባዕድ ይዋጋዋል፤ ምልክቱ መቅላት፣ ብርሃን መፍራትና የእይታ መቀነስ ነው፣ በዚያው ቀን ሐኪም ካየው ሊመለስ ይችላል፣ ሳምንት ከቆየ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ጠብታው በበኩሉ የዓይን ግፊት ይጨምራልና መለካት አለበት። ከደላንታ ወይም ከሰቆጣ ለመጣ ሰው ስለዚህ ከቀዶው ቀን ይልቅ የቀጠሮው መንገድና የጠብታው ዋጋ ታስቦ ሊወሰን ይገባል።

የታጠፈ ፀጉር ያለበት ዓይን ላይ ብሌን መትከል ደግሞ የተለገሰን ስጦታ ማባከን ነው። ቆቡ ይቅደም፤ ከዚያ የዓይኑ ድርቀት ይታያል፤ ብሌን የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው።

የግንድ ሕዋስ ጉዳይ

ቆቡ ተቃንቶም ንቅለ ተከላው የሚከሽፍበት ዓይን አለ። ምክንያቱ ሊምበስ በሚባለው ቦታ፣ ማለትም ብሌኑ ከነጩ ጋር በሚገናኝበት ቀለበት፣ ያሉት ግንድ ሕዋሳት መሞታቸው ነው። የብሌኑን የላይ ገጽ ዕድሜ ልክ የሚያድሱት እነርሱ ናቸው። እነርሱ ሲጠፉ ከነጩ የሚመጣ ደም ሥር ያለበት ሥጋ ብሌኑን ይወርሰዋል፤ አዲስ ብሌን ቢተከልም ገጹ የሚታደስበት ምንጭ ስለሌለ በወራት ይደፈርሳል። ኖራና የከፋ ትራኮማ የሚያደርሱት ይህን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ጣሊያናውያኑ ግራዚዬላ ፔሌግሪኒና ሚኬሌ ደ ሉካ ከደህናው ዓይን የተወሰደ ቅንጣት ሊምበስ በቤተ ሙከራ አሳድገው ለሁለት ሕሙማን መለሱ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የ112 ሕሙማን ውጤት 76.6 በመቶ ስኬት አሳይቷል። ጥናቱ ሌላም ነገር ገለጠ፦ ካደጉት ሕዋሳት መካከል ፒ63 የተባለውን ፕሮቲን በብዛት የያዙት ከ3 በመቶ ሲበልጡ ስኬቱ 78 በመቶ፣ ሲያንሱ 11 በመቶ ብቻ ነበር። ወሳኙ የሽፋኑ ስፋት ሳይሆን ውስጡ ያለው እውነተኛ ግንድ ሕዋስ ነው ማለት ነው። ሆሎክላር የተባለው ይኸው ሕክምና በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2015 ተፈቀደ። የሚፈልገው ቤተ ሙከራ ግን እጅግ ውድ ነው።

ለእኛ ዓይነቱ ሀገር የሚቀርበው በሕንድ በቪሬንደር ሳንግዋንና በባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 የቀረበው ቀላል ዘዴ ነው። ከደህናው ዓይን 2 በ2 ሚሊ ሜትር የሆነ ሊምበስ ይወሰዳል፣ ከ8 እስከ 10 ቦታ ይከተፋል፣ በታመመው ብሌን ላይ በተነጠፈ የእንግዴ ልጅ ስስ ሽፋን ላይ ተዘርቶ ፋይብሪን በተባለ ከደም ፕሮቲን በተሠራ ማጣበቂያ ይያዛል። ሕዋሳቱ የሚያድጉት እዚያው ዓይን ላይ ነው። ሽፋኑ የሚገኘው በቀጠሮ በቀዶ ከወለደችና አስቀድማ ፈቅዳ ከተመረመረች እናት ነው፤ በአንቲባዮቲክ ታጥቦ፣ ተገፍፎ፣ በግሊሰሮል ውስጥ ከዜሮ በታች በ80 ዲግሪ ይቀመጣል።

አንድ ዓይኑን ኖራ ላቃጠለው የኮምቦልቻ ግንበኛ ይህ ዘዴ ይሆነዋል። ትራኮማ ግን ሁለቱንም ዓይን ስለሚይዝ የሚወሰድበት ደህና ዓይን የለም፤ ከለጋሽ የተወሰደ ሊምበስ ደግሞ የመላ ሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ይጠይቃል። በኦሳካ የኮጂ ኒሺዳ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከአዋቂ ሕዋስ ወደ ግንድነት የተመለሱ ሕዋሳትን አሳድጎ ለአራት ሕሙማን መትከሉ ተስፋ የሚሰጠው ለእንዲህ ያሉት ነው። ሌላው የጃፓን ሥራ የሺገሩ ኪኖሺታ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመው ነው፦ የውስጠኛው ገጽ ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ተባዝተው አንድ ሚሊዮን ያህሉ በመርፌ ዓይን ውስጥ ይገባሉ፣ ሕመምተኛውም ለ3 ሰዓት በግንባሩ ይተኛል። በዚህ መንገድ የአንድ ለጋሽ ብሌን ለብዙ ሰው ይደርሳል።

ፈቃድ፣ ሃይማኖትና ቅሬ

የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳለፈው ውሳኔ ከሟች የሚወሰድ አካል በሟች ወይም በወራሾች ፈቃድ፣ ያለ ሽያጭ፣ በሁኔታዎች እንደሚፈቀድ ገልጿል። ሁሉም ዑለማ አይስማሙበትም። በክርስቲያኑም ወገን «ትንሣኤ ላይ በምን ሊያይ» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ መልሱን ከሐኪም ይልቅ ከንስሐ አባት መስማት ይሻላል።

በወሎ ትልቁ ነገር ጊዜ ነው። ጀናዛ አይዘገይም፣ በአብዛኛው በዕለቱ ይቀበራል። ብሌኑ ግን ከእጥበቱና ከከፈኑ በፊት በ20 ደቂቃ ስለሚነሣ ቀብር የሚያዘገየው ነገር የለም፤ የግንዘትም እንዲሁ። ችግሩ የሚፈጠረው ቃል የገባው ሰው ካርዱን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ለቤተሰቡ ሳይናገር ሲቀር ነው። ቤተሰብ እምቢ ካለ ሥራው አይጀመርም፣ በለቅሶ መሐል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ቤተሰብም እሺ አይልም። ስለዚህ ቃሉ በቅሬው፣ ማለትም በሰፈሩ የመቀባበሪያ ዕድር፣ መዝገብ ከአባሉ ስም ጎን ቢሰፍር፣ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው በሚቀባበሩበት ሰፈር ሸሆቹም ቄሱም ያውቁታል፤ የቅሬው ጠሪ ለቀብር ከመዞሩ በፊትም የቅሬው ዳኛ ስልኩን አንሥቶ ብሌን ለሚያነሣው ባለሙያ ይደውላል።