የድረ ገጽ ማሳወቂያ ምንድን ነው? ያልጠራነው መልእክት በኮምፒውተራችን ላይ ለምን ይመጣል?

ሰው በቤቱ ኮምፒውተር ሥራውን እየሠራ ሳለ በስክሪኑ ቀኝ ግርጌ አንድ ሣጥን ብቅ ይልና «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል»፣ «የጸረ ቫይረስ ፕሮግራምዎ ጊዜው አልፎበታል»፣ «ስጦታ ይጠብቅዎታል» የሚል ነገር ያሳየዋል። ያንን ዘግቶ ሥራውን ሲቀጥል ሌላ ይተካል፤ አንዳንዴም አንድም ድረ ገጽ ሳይከፈት ይመጣል። ባለቤቱ ኮምፒውተሩ በእርግጥ የተበከለ መስሎት ይጨነቃል፣ ወደ ጥገና ቤት ወስዶ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ያስጭናል፣ ወይም መልእክቱ እንዲገዛ የሚገፋፋውን ፕሮግራም ይገዛል። እንዲህ ያለው መልእክት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቫይረስ የመጣ አይደለም። ምንጩ የድረ ገጽ ማሳወቂያ፣ በተለምዶ ኖቲፊኬሽን፣ የሚባለው አሠራር ነው፤ ይህም አሠራር የሚንቀሳቀሰው ተጠቃሚው ራሱ ሳያስተውል በሰጠው ፈቃድ ነው። ስለዚህ የሚቆመውም ፈቃዱ ሲነሣ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሚገዛ ነገር የለም።

የድረ ገጽ ማሳወቂያ ማለት አንድ ድረ ገጽ፣ አንባቢው ገጹን ዘግቶ ከሄደ በኋላም ቢሆን፣ በብሮውዘሩ፣ ማለትም ድረ ገጾችን በሚከፍትበት ፕሮግራም፣ በኩል አጭር መልእክት እንዲልክለት የሚያስችል አሠራር ነው። ጉግል ክሮም ይህን ማስተናገድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ፋየርፎክስም በ2016 መጀመሪያ ላይ ተከትሎታል። ድረ ገጹ ሲከፈት ከአድራሻ መጻፊያው ሥር አንድ ትንሽ ሣጥን ወጥቶ ማሳወቂያ ለመላክ ፈቃድ ይጠይቃል። ተጠቃሚው «አላው» (ፍቀድ) የሚለውን ከተጫነ ብሮውዘሩ ለዚያ ድረ ገጽ የመልእክት መቀበያ አድራሻ ያዘጋጃል፤ ድረ ገጹም ሰርቪስ ወርከር የሚባል አነስተኛ ፕሮግራም በብሮውዘሩ ውስጥ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ድረ ገጹ ማስተላለፍ የፈለገውን ሁሉ በብሮውዘሩ አምራች ሰርቨር በኩል ይልካል፤ መልእክቱ ኮምፒውተሩ ዘንድ ሲደርስ ያ አነስተኛ ፕሮግራም ይነቃና ለዊንዶውስ ያስረክበዋል፤ ዊንዶውስም የራሱን መልእክቶች በሚያሳይበት ቦታና በተመሳሳይ መልክ ያሳየዋል።

ሰዎችን የሚያሳስተው ይህ የመጨረሻው ደረጃ ነው። በስክሪኑ ጥግ የሚወጣው ሣጥን ከኮምፒውተሩ ከራሱ የመጣ ማስጠንቀቂያ ይመስላል፤ ነገር ግን ልብ ብሎ ላየው ሰው ከመልእክቱ ጋር በደቃቅ ፊደል የብሮውዘሩ ስምና የላኪው ድረ ገጽ አድራሻ ተጽፎ ይገኛል። አድራሻው ተጠቃሚው የማያውቀው፣ ትርጉም የሌለው የፊደላት ድርድር ከሆነ ላኪው ኮምፒውተሩን ከቶ አላየውም፣ ቫይረስ ይኑርበት አይኑርበትም የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ድረ ገጽ በብሮውዘር በኩል የሰውን ኮምፒውተር ፈትሾ ቫይረስ ሊያገኝ አይችልምና፣ «ተጠቅተዋል» የሚለው ቃል ለሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት የሚላክ ማስታወቂያ ነው።

ፈቃዱ የሚወሰደው እንዴት ነው? ብዙውን ጊዜ በማታለል ነው። የእግር ኳስ ጨዋታ በነጻ በቀጥታ እናሳያለን በሚሉ፣ ፊልም በሚያስወርዱ፣ ክራክ የተደረጉ፣ ማለትም ያለ ክፍያ እንዲሠሩ የተሰበሩ፣ ፕሮግራሞችን በሚያድሉ ድረ ገጾች ላይ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ» ወይም «ቪዲዮው እንዲጀምር አላው ይበሉ» የሚል ጽሑፍ ከቀስት ጋር ይቀርባል። ጨዋታው ሊጀመር የተቃረበበት ሰው አንብቦ ለመመርመር ትዕግሥት አይኖረውምና ይጫናል። እውነተኛው የሮቦት ማጣሪያ ፎቶ ያስመርጣል ወይም አንድ ሣጥን ላይ ምልክት ያስደርጋል እንጂ ማሳወቂያ የመላክ ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም፤ ቪዲዮም ለመጫወት ይህን ፈቃድ አይፈልግም። ፈቃዱን የወሰደው አካል ከዚያ በኋላ በየዕለቱ ማስታወቂያ ይልካል፤ አንድ ሰው ተጭኖ ሲገባ ወይም ሲገዛ ከሻጩ ኮሚሽን ያገኛል። በዚህ ምክንያት ነው የታወቁ የጸረ ቫይረስ ድርጅቶች ስምና አርማ በእነዚህ መልእክቶች ላይ የሚታየው፤ ላኪው ግን ድርጅቱ ራሱ አይደለም።

አሠራሩ በራሱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የኢሜይል መድረስን፣ የስብሰባ ሰዓትን ወይም የቴሌግራምን መልእክት በብሮውዘር ለሚከታተል ሰው ይጠቅማል። ጥፋቱ ማንኛውም ድረ ገጽ ገና እንደተከፈተ፣ አንባቢው አንድ መስመር እንኳ ሳያነብ፣ ፈቃድ እንዲጠይቅ መተዉ ላይ ነው፤ በእኔ አመለካከት ይህ ከመጀመሪያው ሊፈቀድ የማይገባው ነበር። የብሮውዘር አምራቾችም ዘግይተው ተረድተውታል፤ ፋየርፎክስ ከጥር 2020 ጀምሮ ተጠቃሚው ገጹ ላይ አንድ ነገር ሳይነካ ጥያቄው እንዳይወጣ አድርጓል፣ ክሮምም በዚያው ዓመት ጥያቄውን ዝም የሚያሰኝ ምርጫ ጨምሯል።

ባልተፈለገ መልእክት ሰውን ማስጨነቅ ከዚህም የቆየ ታሪክ አለው። በ1990ዎቹ ትራይፖድ በሚባል ድርጅት ይሠራ የነበረው ኢታን ዙከርማን ማስታወቂያን ከገጹ ለይቶ በራሱ መስኮት፣ ብቅ ባይ መስኮት በሚባለው፣ የሚከፍተውን ኮድ ጻፈ፤ ምክንያቱም ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ስማቸው ከገጹ ይዘት ጋር እንዲያያዝ ስላልፈለጉ ነበር። በ2014 ባወጣው ጽሑፍ ስለዚህ ሥራው በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ከዚያ ይልቅ ለዛሬው ጉዳይ የሚቀርበው ግን በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የሆነው ነው። በዚያ ጊዜ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሜሴንጀር ሰርቪስ የሚባል፣ የመሥሪያ ቤት የኔትወርክ ኃላፊ ለሠራተኞች «ፕሪንተሩ ሊጠፋ ነው» ብሎ ለማስታወቅ የሚጠቀምበት አገልግሎት ነበራቸው፤ ይህ አገልግሎት በቤት ኮምፒውተሮችም ላይ ክፍት ሆኖ ይመጣ ስለነበር፣ ነጋዴዎች በኢንተርኔት በኩል ለማያውቋቸው ሰዎች መልእክት ይልኩበት ጀመር። በኅዳር 2003 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ዲ ስኩዌርድ ሶሉሽንስ የሚባል የሳን ዲዬጎ ድርጅት ላይ ክስ መሠረተ። በክሱ እንደተገለጸው ድርጅቱ በዚህ አገልግሎት በኩል በሰዎች ስክሪን ላይ መልእክት ደጋግሞ ያወጣ ነበር፤ መልእክቱ የሚያስተዋውቀውም እንዲህ ያለውን መልእክት የሚያስቆም፣ ድርጅቱ ራሱ የሚሸጠውን ፕሮግራም ነበር። አገልግሎቱን ግን ማንም ሰው ያለ ምንም ክፍያ ከዊንዶውስ ውስጥ ሊያጠፋው ይችል ነበር። ማይክሮሶፍት በነሐሴ 2004 ባወጣው ሰርቪስ ፓክ 2 በሚባለው የዊንዶውስ ኤክስፒ ማሻሻያ አገልግሎቱን ዘግቶ አቀረበ፤ በዚያው ዕትም የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብሮውዘርም ብቅ ባይ መስኮቶችን ማገድ ጀመረ። በሽታውንም መድኃኒቱንም አንድ ሰው ሲያመጣ፣ መድኃኒቱ መጀመሪያውኑ በቤት ውስጥ በነጻ ይገኝ እንደነበር ማወቅ ዛሬም ይጠቅማል።

አንዳንዱ መልእክት ከማስታወቂያ አልፎ ወደ ዘረፋ ይሄዳል። ሣጥኑን የተጫነ ሰው ሙሉውን ስክሪን የሚሸፍን፣ ድምፅ የሚያሰማ፣ «ኮምፒውተሩን አያጥፉ፣ በዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚል ገጽ ሊከፈትበት ይችላል። የሚደውል ሰው የማይክሮሶፍት ባለሙያ ነኝ የሚል ያነጋግረዋል፤ ኮምፒውተሩን ከሩቅ የሚያንቀሳቅሱበትን ፕሮግራም ያስጭኑታል፣ ከዚያም የባንክ ሒሳቡን ይከፍቱታል ወይም የስጦታ ካርድ ገዝቶ ቁጥሩን እንዲያነብላቸው ያዙታል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ፣ እንግሊዝኛው የማይቀናቸውና ብቻቸውን ቤት የሚውሉ እናቶቻችንና አባቶቻችን በዚህ ዓይነቱ ማስፈራሪያ እንዳይወድቁ ልጆቻቸው አስቀድመው ሊነግሯቸው ይገባል። የማይክሮሶፍት እውነተኛ የማስጠንቀቂያ መልእክት የስልክ ቁጥር አይይዝም፤ ይህን አንዱን ነገር ብቻ ማወቅ ብዙ ሰው ያድናል። እንዲህ ያለ ገጽ ሲከፈት መደወል ሳይሆን የኢስኬፕን ቁልፍ ተጭኖ ሙሉ ስክሪን ከሸፈነው ሁኔታ መውጣት፣ ካልሆነም ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭኖ በሚከፈተው ታስክ ማናጀር ብሮውዘሩን መዝጋት ነው፤ ብሮውዘሩ እንደገና ሲከፈትም የቀድሞዎቹን ገጾች ልመልስ ብሎ ቢጠይቅ እሺ አለማለት ያስፈልጋል።

ፈቃዱን ማንሣት ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። በክሮም ከላይ በስተ ቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭኖ «ሴቲንግስ» ውስጥ መግባት፣ ከዚያ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ ቀጥሎም «ሳይት ሴቲንግስ»፣ በመጨረሻም «ኖቲፊኬሽንስ» የሚለውን መክፈት ነው፤ ክሮሙ በአማርኛ ከሆነ «ቅንብሮች» እና «ማሳወቂያዎች» የሚሉትን መከተል ይቻላል። እዚያ ውስጥ ፈቃድ የተሰጣቸው ድረ ገጾች ዝርዝር ይገኛል፤ የማያውቁትን ወይም የማይፈልጉትን እያንዳንዱን ከጎኑ ባሉት ሦስት ነጥቦች «ብሎክ» (አግድ) ማለት ይገባል። «ሪሙቭ» (አስወግድ) የሚለውም ፈቃዱን ያነሣል፣ ነገር ግን ድረ ገጹ ሌላ ጊዜ ደግሞ እንዳይጠይቅ አያግደውም። በዚያው ገጽ ላይ ማንኛውም ድረ ገጽ ጥያቄ እንዳያቀርብ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እኔ ለማንኛውም የቤት ኮምፒውተር የምመክረው ይህንኑ መርጦ፣ በእርግጥ የሚያስፈልጉትን እንደ ኢሜይል ያሉትን ሁለት ወይም ሦስት ድረ ገጾች ብቻ በስም መፍቀድን ነው። በፋየርፎክስ ይኸው ነገር «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ ካለው የፈቃዶች ክፍል ይገኛል፤ በማይክሮሶፍት ኤጅ ደግሞ የሜኑው አቀማመጥ ከዕትም ወደ ዕትም ስለሚለያይ በ«ሴቲንግስ» ገጽ ካለው መፈለጊያ ሣጥን ኖቲፊኬሽንስ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፎ ማግኘት ይቀላል።

አንድ ኮምፒውተር ለመላው ቤተሰብ በሚያገለግልበት ቤት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። በክሮም እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የራሱ ፕሮፋይል፣ ማለትም ለብቻው የተለየ የተጠቃሚ ክፍል፣ ካለው ፈቃዶቹም በየፕሮፋይሉ የተለያዩ ናቸው፤ አባት የራሱን ቢያጸዳ በልጁ ፕሮፋይል የተሰጠው ፈቃድ እንዳለ ይቀጥላል። እንዲሁም ክሮም መስኮቱ ከተዘጋ በኋላም ከበስተጀርባ እንዲሠራ የሚፈቅድ ምርጫ «ሲስተም» በሚለው ክፍል ውስጥ ስላለ፣ ብሮውዘሩ ተዘግቶ ሳለ መልእክት የሚመጣበት ሰው ይህን ቢያጠፋው ይቀልለዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መልእክቱ ካልቆመ ምንጩ ሌላ ነው። ከመልእክቱ ጋር የድረ ገጽ አድራሻ የማይታይ ከሆነ ከሚጠረጠሩት የመጀመሪያው ዊንዶውስ ራሱ የሚልከው ምክርና የምርት ማስተዋወቂያ ነው፤ ይህ «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ኖቲፊኬሽንስ» በሚለው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ቀጥሎ በብሮውዘሩ ላይ የተጫኑትን ኤክስቴንሽን የሚባሉ ተጨማሪ ፕሮግራሞች አይቶ ማን እንደጫናቸው የማይታወቁትን ማስወገድ፣ ከዚያም በዊንዶውስ የፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ከሌላ ነጻ ፕሮግራም ጋር ተደርበው የገቡትን ማራገፍ ይገባል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ምርመራ ነው፤ ለዚህም ከዊንዶውስ 10 እና 11 ጋር በነጻ የሚመጣው ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ይበቃል። «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ተከፍቶ ሙሉ ፍተሻ ይታዘዛል፤ ያም ካልበቃ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እየተነሣ፣ ዊንዶውስ ሥራ ሳይጀምር የሚካሄደው ኦፍላይን ፍተሻ አለ። ይህ ፍተሻ ኮምፒውተሩን ስለሚያስነሣው የተጀመረ ሥራ ካለ አስቀድሞ ሴቭ ማድረግ፣ ላፕቶፕ ከሆነም ቻርጀሩን መሰካት ያስፈልጋል።