እንገር፣ ክትባትና የመሃል አዲስ አበባ ቡችላ

ስለ ቡችላ ክትባት በአማርኛ የተጻፈ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። ስለ ከብትና ስለ ዶሮ በሽታ ብዙ ተጽፏል። ስለ ቡችላ ግን ያለው በየእንስሳት ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀትና ጎረቤት ለጎረቤት የሚቀባበለው ወሬ ነው። ይህ ዳሰሳ የተሰበሰበው ለዚህ ነው። የሚያተኩረውም በከተማው እምብርት፣ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ቀበና ባሉት ሰፈሮች ላይ ነው።

"ተፈጥሯዊ" የሚባለውን መንገድ ሰዎች በሁለት መልኩ ይረዱታል። አንዱ የቡችላውን የራሱን መከላከያ ማገዝ፣ ክትባቱን በልኩና በጊዜው መስጠት፣ ምግቡንና ግቢውን ማስተካከል ነው። ሌላው ክትባትን ጨርሶ መተው ነው። የመጀመሪያው ብዙ እውነት አለበት። ሁለተኛው ግን በዚህ ከተማ የቡችላንም የሕፃንንም ሕይወት ያስከፍላል።

መጀመሪያ እንገር

ላም ወልዳ መጀመሪያ የምትሰጠውን ወፍራም ወተት እንገር እንለዋለን። ውሻም እንገር አላት። ቡችላ ከማህፀን ይዞት የሚወጣው መከላከያ ትንሽ ነው፤ ዋናውን የሚያገኘው ከእናቱ እንገር ነው። አንጀቱ ይህን መከላከያ ወደ ደሙ የሚያሳልፈው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ገደማ ብቻ ነው፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ ብዙ ከተወለዱ፣ ወንድሞቹ እየገፉት ጡት ያልደረሰውን ደካማውን ቡችላ ያን ቀን አንስቶ ጡት ማስያዝ ከየትኛውም መድኃኒት ይበልጣል። እናቲቱ ቀደም ብላ የተከተበች ከሆነች ደግሞ እንገሯም የዚያኑ ያህል ሀብታም ነው። እንግዲህ ተፈጥሮና ክትባት እዚህ ላይ ተጋግዘው ነው የሚሠሩት።

ችግሩ ይህ መከላከያ የውሰት መሆኑ ነው። ቡችላው ራሱ አልሠራውም፣ እናቱ አዋሰችው። በየሳምንቱ እየቀነሰ ይሄዳል። በአንዱ ቡችላ በ8 ሳምንቱ ያልቃል፣ በሌላው እስከ 16 ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያል። የአንድ እናት ልጆች እንኳ አይመሳሰሉም። ከሁሉ የሚከፋው መሃል ላይ ያለው ጊዜ ነው፦ የውሰቱ መከላከያ እውነተኛውን በሽታ ለመመከት አንሷል፣ ክትባቱን ለማክሸፍ ግን ገና ይበቃል።

ቡችላ ሦስት አራት ጊዜ የሚከተበው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው እያንዳንዱ መርፌ በፊተኛው ላይ ጉልበት የሚጨምር ይመስለዋል። ዋናው ቁም ነገር ግን የውሰቱ መከላከያ መቼ እንደሚያልቅ ስለማይታወቅ አንደኛው መርፌ ልክ ሲያልቅ እንዲደርስ ነው። የዓለም አነስተኛ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየተደገመ የመጨረሻው 16 ሳምንት ከሞላው በኋላ እንዲሰጥ ይላል። እኛ ሰፈር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሁለቴ ተከትቦ "በቃው" ይባላል። ካርዱ ላይ ሁለት ማኅተም አለ፣ ቡችላው ግን ምንም መከላከያ ላይኖረው ይችላል።

ከምን ይከላከላል

ዋናዎቹ ዲስቴምፐር (መተንፈሻንና አንጎልን የሚያጠቃ የቫይረስ በሽታ)፣ ፓርቮ፣ የውሻ የጉበት በሽታና የእብድ ውሻ በሽታ ናቸው። አይጥ በበዛበት ሰፈር ከአይጥ ሽንት የሚመጣው ሌፕቶስፒሮሲስም ይታሰብበታል።

ፓርቮን ያየ አይረሳውም። እ.ኤ.አ. በ1978 ገደማ በዓለም ላይ በድንገት የተሰራጨ ቫይረስ ነው። ቡችላው ጠዋት ሲጫወት ቆይቶ ማታ ያስመልሰዋል፣ በማግስቱ ደም የቀላቀለ፣ ሽታው ከሩቅ የሚለይ ተቅማጥ ይይዘዋል። የሚሞተው በአብዛኛው ውሃው ከሰውነቱ አልቆ ነው፤ ስለዚህ በጊዜ ግሉኮስ የተተከለለት ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል፣ በሳሙና አይሞትም። የሚገድለው በረኪና ነው፣ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ። እኔ ባደግኩበት ግቢ በፓርቮ የሞተ ቡችላ በተቀበረ በሁለተኛው ወር ሌላ ቡችላ መጣ፣ እሱም በሳምንቱ ሞተ። "ግቢው አይወድላቸውም" ተባለ። ግቢውን በበረኪና ያጠበ ሰው አልነበረም።

የእብድ ውሻ በሽታና ፓስተር

ይህኛው በደንብ ተመዝግቧል። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ሃያ ዓመት ሳይሞላት፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1903 (በእኛ 1895 ዓ.ም.) ከተማው ውስጥ ከባድ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ እንደተነሳ ተጽፏል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ በሽታው ታሪክና ስለ አገር ቤት ሕክምናው ያጠናቀሩት ጽሑፍ ዛሬም ዋናው መነሻ ነው። ሉዊ ፓስተር የመጀመሪያውን ሰው፣ የ9 ዓመቱን ጆሴፍ ማይስተርን፣ የከተበው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 ነበር። ወረርሽኙ እዚህ ሲነሳ ክትባቱ ገና 18 ዓመቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ከከተማችን ኩራቶች አንዱ ነው። ፒያሳ ቆማችሁ "ፓስተር" ብትሉ ባለታክሲው ወደ ጉለሌ አቅጣጫ ይወስዳችኋል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከቀድሞው ፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል፣ አሁን የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ ሕዝቡ ግን "ፓስተር" ማለቱን አልተወም። ለአሥርት ዓመታት በውሻ የተነከሰ የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ የሚወሰደው ወደዚያ ነበር። ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው የድሮው ክትባት ለ14 ቀን በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ ነበር፤ ታላላቆቻችን ዛሬም ሲያወሩት ሆዳቸውን ይይዛሉ። ያን መርፌ አገር ውስጥ እየሠሩ፣ የተቆረጠ የውሻ ጭንቅላት እየተቀበሉ እየመረመሩ ስንት ነፍስ ያተረፉ ባለሙያዎች ስማቸው በብዛት አይነሳም፣ መነሳት ግን ነበረበት። በእንስሳት በኩል ያለው ታሪክ አጠር ያለ ነው፤ የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ከ1960ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት ጀምሮ የእንስሳት ክትባት ያመርታል።

በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞትበት ይገምታል። ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 ከመቶው ከውሻ ነው። ከውሾቹ 70 ከመቶው ከተከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ቡችላ ትንሽ ስለሆነ በሽታው የለበትም የሚባለው ስህተት ነው። የሚነክሰውና የሚልሰው ደግሞ ሕፃናትን ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያጥባል፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሄዳል።

ቅጠሉና ጠበሉ

ለእብድ ውሻ እንዶድ፣ ብሳና፣ የምድር እምቧይ ይሰጣል፤ ጠበልም ይኬዳል። አባቶቻችን እነዚህን ዕፅዋት በከንቱ አላወቋቸውም። እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡት የራሳችን ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። የእብድ ውሻን በሽታ ያዳነ ቅጠል ግን እስካሁን አልተረጋገጠም። "እኔ አይቻለሁ፣ ድኗል" የሚሉ ሰዎች ግን አይዋሹም። የነከሰ ውሻ ሁሉ አላበደም። ያበደ ውሻ የነከሰው ሁሉም አይያዝም። ከተነከሰ በኋላ ደግሞ በሽታው እስኪወጣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። በዚህ መሃል የተሰጠው ነገር ሁሉ ያዳነ ይመስላል። ጠበሉን የሚከለክል የለም፣ ክትባቱ ግን ቀን አይጠብቅም።

ቡችላን "ለማጠንከር" ነጭ ሽንኩርት የሚሰጡም አሉ። ይህ ጉዳት አለው፤ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ወጣችን መሠረቱ ሽንኩርት ስለሆነ የተረፈ ወጥ በፍርፍር በየቀኑ መስጠት ለቡችላ ጥሩ አይደለም።

ክርክር ያለበት

በየዓመቱ ሁሉንም መድገም አስፈላጊ ነው ወይ የሚለው ያከራክራል። እዚህ ላይ ተፈጥሯዊውን መንገድ የሚደግፉት ሰዎች በአብዛኛው ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። የፓርቮ፣ የዲስቴምፐርና የጉበቱ በሽታ ክትባት በሚገባ ከተጠናቀቀና አንድ ጊዜ ከተጠናከረ ለዓመታት ይቆያል፣ መመሪያውም ከ3 ዓመት ባነሰ ጊዜ አትደጋግሙት ይላል። ሌፕቶስፒሮሲስ በየዓመቱ ነው። የእብድ ውሻው መጀመሪያ ከ12 ሳምንት ጀምሮ ይሰጣል፣ በዓመቱ ይደገማል፣ ቀጣዩ እንደ ክትባቱ ዓይነትና እንደ አገሩ ሕግ ነው። በእኛ ከተማ በየዓመቱ ማስወጋቱ አይከፋም።

ከበሽታው የተቀመመ ነው የሚባለው የሆሚዮፓቲ (እጅግ እየቀጠነ የሚዘጋጅ አማራጭ መድኃኒት) ጠብታ ግን ክርክር አይገባውም። በፓርቮ ላይ ተሞክሮ ቡችላዎቹን አልጠበቀም።

ምግብ፣ ግቢና ሰፈር

የተጎሳቆለ ቡችላ ክትባቱም በቅጡ አይዝለትም። ወስፋትና የኮሶ ትል ያለበት በየ2 ሳምንቱ የትል መድኃኒት ይውሰድ። ከሥጋ ቤት የሚገዛውን ሳንባና ጉበት ጥሬውን መስጠት "ተፈጥሯዊ" ይመስላል። ሳንባው ላይ ውሃ ያቆረ ከረጢት (የትል እጭ ያለበት) ካለ ግን ውሻው ትሉን ያረባና እንቁላሉን ወደ ልጆች ያስተላልፋል። ቀቅሎ መስጠት ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ አጥንት ለቃሚ የሰፈር ውሾች ይከሳሉ። ያኔ የተረፈ እንጀራ በር ላይ የሚያስቀምጡ እናቶች ሳያውቁት የሰፈሩን ጤና እየጠበቁ ነው።

ቡችላን እስኪከተብ ቆልፎ ማቆየትም ችግር አለው፣ ሰውና ድምፅ የሚለምደው ከ3 እስከ 14 ሳምንቱ ነው። ታቅፎ መውጣት፣ የተከተበ ውሻ ያለበት ቤት መውሰድ ይቻላል። ውሻ የሚሰበሰብበት የቆሻሻ ገንዳ ሥር ግን መሬት አይንካ።

መብራት በሚጠፋበት ከተማ ክትባቱ የተቀመጠበትን ማቀዝቀዣ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት። ካርዱ ላይ የክትባቱ ስምና የብልቃጡ ቁጥር ይለጠፍ። የዓለም የእብድ ውሻ ቀን እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ይውላል። በእኛ በአብዛኛው ዓመት የመስቀል ማግስት ነው። በክረምቱ ያረገዙት ውሾች የወለዷቸው ቡችላዎች በየጥጉ መታየት የሚጀምሩትም በዚያው ሰሞን ነው።