ኦፕኒንግ ምንድን ነው? የፈጣን ቼዝ ጌቶችና የፈረስ ስማቸው

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጅማ ላይ ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንዲት ጀበና ቡና የምታፈላ እናት ቤት ተጠልለን ቼዝ እንጫወታለን። ሰሌዳው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሰዓታችን ስልክ ነው። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ፤ ካለቀ አለቀ።

አንድ የአስረኛ ክፍል ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር ገጠመ። ልጁ በአንድ ሩክ፣ ቀጥ ብሎ በሚሄደው ትልቅ ጠጠር፣ ይበልጣል። ማት ለማድረግ፣ ማለትም ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ ለማሸነፍ፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ሲቀረው ሰዓቱ አለቀበት። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ።

«ጋሼ፣ እየበለጥኩት ነበር እኮ። የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት?» አለኝ።

እኔ ከጎን ሆኜ ሰዓቱን ሳይ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ስድስት እርምጃዎች ለመጫወት አንድ ደቂቃ ፈጅቶበታል። ተማሪው ግን ለእነዚያው ስድስት እርምጃዎች አስር ሰከንድ እንኳ አልሞላውም።

«ኦፕኒንግ የለህም» አልኩት።

«ኦፕኒንግ ምንድን ነው?»

ያን ቀን ቶናው እስኪቀዳ ድረስ ያወራሁለትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ኦፕኒንግ የቼዝ ጨዋታ መግቢያ ነው። ከመጀመሪያው እርምጃ አንስቶ እስከ አስረኛው፣ አንዳንዴም እስከ አስራ አምስተኛው ድረስ ያለው ክፍል። በዚህ ጊዜ ተጫዋቹ የሰሌዳውን መሐል ለመያዝ ይሞክራል። ፈረሶቹንና በሰያፍ የሚሄዱትን ቢሾፖቹን ከቤታቸው ያወጣል። ንጉሡን ወደ ጥግ ወስዶ ያስጠልላል። ዓላማው ለሁሉም አንድ ነው፤ መንገዱ ግን ብዙ ነው። ታዋቂዎቹ መንገዶች ደግሞ ስም አላቸው።

ምን ያህል ብዙ ነው? ነጩ ሲጀምር 20 ምርጫ አለው። ጥቁሩም ሲመልስ 20 አለው። አንድ አንዴ ብቻ ተጫውተው 400 ዓይነት አቀማመጥ ሊፈጠር ይችላል። ሁለት ሁለቴ ሲጫወቱ የመንገዱ ብዛት 197,281 ይደርሳል። ይህን ሁሉ ሰሌዳ ፊት ተቀምጦ የሚያሰላ ሰው የለም። ኦፕኒንግ ከእኛ በፊት የተጫወቱ ሰዎች ሞክረው፣ ተሸንፈው፣ ጽፈው ያቆዩልን እውቀት ነው። ዛሬ ተጫዋቾች ኦፕኒንጎችን የሚለዩበት ከኤ00 እስከ ኢ99 የሚሄድ መዝገብ አለ፤ 500 ኮድ ይዟል። ስሞቹ ከሰውም ከቦታም የመጡ ናቸው። ሎንደን የሚባለው ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1922 ለንደን ላይ ከተደረገ ውድድር ነው። ናይዶርፍ ደግሞ ፖላንድ ተወልዶ በአርጀንቲናዊነቱ ከሚታወቀው ከሚጌል ናይዶርፍ።

አሁን ወደ ፈጣኑ ቼዝ እንምጣ። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ ለአንድ ተጫዋች አስር ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች የሚሰጠውን ጨዋታ ብሊትዝ ይለዋል። የዓለም ብሊትዝ ሻምፒዮና የሚካሄደው በሦስት ደቂቃ ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ ሁለት ሰከንድ ይጨመራል። ኢንተርኔት ላይ ከዚህም ያጠረ አለ። አንድ ደቂቃ ብቻ የሚሰጠውን ቡሌት ይሉታል፤ ጥይት እንደማለት።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። ሦስት ደቂቃ 180 ሰከንድ ነው። ጨዋታው 40 እርምጃ ቢፈጅ ለአንዱ አራት ሰከንድ ተኩል ይደርሰዋል። የእኛ ልጅ በስድስት እርምጃ 60 ሰከንድ ጨረሰ። ለቀሪው 34 እርምጃ 120 ሰከንድ ብቻ ቀረው፤ ለአንዱ ሦስት ሰከንድ ተኩል ገደማ። ተማሪው ግን 170 ሰከንድ ይዞ ነው ወደ መሐሉ የገባው። ለአንዱ እርምጃ አምስት ሰከንድ ሙሉ አለው። ልጁ በአእምሮ አልተበለጠም። ሜዳው ገና ሲከፈት ነው ሰዓቱን የተበላው።

ለዚህ ነው በፈጣን ቼዝ ኦፕኒንግ ሌላ ትርጉም የሚይዘው። ረጅም ሰዓት ባለው ጨዋታ ተጫዋቹ የሚፈልገው ከሁሉ የተሻለውን መንገድ ነው። ወራት አጥንቶ፣ በኮምፒውተር ፈትሾ ይመጣል። በብሊትዝ ግን የተሻለው መንገድ ሳይሆን የለመዱት መንገድ ነው የሚያዋጣው። ኮምፒውተር ትንሽ የሚነቅፈው ኦፕኒንግ፣ እጅህ ካወቀው፣ አንድ ደቂቃ ይቆጥብልሃል። በሦስት ደቂቃ ጨዋታ አንድ ደቂቃ ከአንድ ወታደር በላይ ዋጋ አለው። እኔ እንዲያውም ከአንድ ፈረስ አያንስም እላለሁ።

ጅማ ተቀምጬ ይህን ሳስብ የፈረስ ስም ትዝ ይለኛል። ከከተማው ከፍ ብሎ ጂረን ላይ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም የቆመው ንጉሥ አባ ጅፋር የምንላቸው በፈረስ ስማቸው ነው። የጅፋር ጌታ እንደማለት። አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ነበሩ። አጼ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው። ጦረኛ በፈረሱ ይጠራል፣ በፈረሱ ይፎክራል። ፈረሱን የለመደ ሰው ጦር ሜዳ ላይ ስለ ልጓሙ አያስብም። ዓይኑ ያለው ጠላቱ ላይ ነው። ኦፕኒንግም ለብሊትዝ ተጫዋች እንደዚያ ነው። ታላላቆቹን በኦፕኒንጋቸው ብንጠራቸው ሰው ሁሉ ይለያቸዋል።

ፈረንሳዊውን ማክሲም ቫሺዬ-ላግራቭን ተመልከቱ። አባ ናይዶርፍ ብዬ ብጠራው ደስ ይለኛል። ነጩ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ገፍቶ ከጀመረ፣ እሱ ናይዶርፍን ይጫወታል። ነጩ በንግሥቲቱ ወታደር ከጀመረ ደግሞ ግሩንፌልድን። ይህን ዓለም ያውቃል። ተጋጣሚዎቹ ለወራት ሊዘጋጁበት ይችላሉ። እሱ ግን ፈረሱን ሳይቀይር ዓመታት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዋርሶ ላይ የዓለም ብሊትዝ ሻምፒዮን ሆነ፤ ፖላንዳዊውን ዱዳን በራሱ አገር፣ በመለያ ጨዋታ አሸንፎ። ተቃዋሚው ወረቀት ላይ ያጠናውን እሱ ሺህ ጊዜ ኖሮበታል። ስንት ወጥመድ አለ፣ የትኛው ወታደር መቼ ይገፋል፣ የትኛው ፍጻሜ እኩል ይወጣል፤ ሳያስብ ያውቀዋል።

አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸርም ከዚህ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በያኔዋ ዩጎዝላቪያ፣ ሄርሴግ ኖቪ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ታላላቆቹ ለብሊትዝ ተሰበሰቡ። ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ ነበር። ፊሸር ከ22 ጨዋታ 19 ነጥብ አገኘ። ሁለተኛ የወጣው የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን ሚካኤል ታል ነው፤ በ14 ነጥብ ተኩል። የነጥብ ልዩነቱን ሳየው ዛሬም ይገርመኛል። የፊሸር የኦፕኒንግ ሻንጣ ግን ጠባብ ነበር። በነጭ የንጉሡ ወታደር፣ በጥቁር ናይዶርፍና ኪንግስ ኢንዲያን። ጥቂት ነበረው፤ ያቺን ጥቂት ግን እስከ ጥግ ያውቃታል።

አሜሪካዊው ሂካሩ ናካሙራ መንገዱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2022 ታዋቂውን የኢንተርኔት የፈጣን ቼዝ ሻምፒዮና አምስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል። (የሰሌዳው ቋሚ መስመሮች ከኤ እስከ ኤች በፊደል፣ አግድሞቹ ከ1 እስከ 8 በቁጥር ይጠራሉ።) በብሊትዝ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከንግሥቲቱ ወገን ያለውን የቢ ወታደር አንድ ቤት ብቻ በመግፋት ነው። ቀጥሎ ቢሾፑን ቢ2 ላይ አውጥቶ በረጅሙ ሰያፍ መስመር ያስቀምጠዋል። ይህ ኦፕኒንግ የዴንማርኩን የቤንት ላርሰንን ስም ይዟል። ለነጭ የተለየ ብልጫ አይሰጥም። ግን ተቃዋሚው ያጠናውን ሁሉ ትቶ ገና ከመጀመሪያው ማሰብ ይጀምራል። ማሰብ ማለት ደግሞ ሰዓት ማቃጠል ነው። ናካሙራ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ኖርዌጂያዊው ማግነስ ካርልሰን ብቻ ነው በአንድ ፈረስ ስም ለመጥራት የሚያስቸግረኝ። ሁሉንም ይጋልባል። ዛሬ ሲሲሊያን የሚባለውን ኦፕኒንግ፣ ነገ ሌላ። ከሚታወቀው መንገድ ቶሎ ወጥቶ ጨዋታውን ሁለቱም ወደማያውቁት ጫካ ይወስደዋል፤ እዚያ ከእሱ የተሻለ የሚያይ የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 አልማቲ፣ ካዛክስታን ላይ በዓለም ብሊትዝ ሻምፒዮና የመጀመሪያ ዙር ዘግይቶ ደረሰ። ከበረዶ ሸርተቴ ሲመለስ የመንገድ መጨናነቅ ይዞት ነው። ሲቀመጥ ከሦስት ደቂቃው 30 ሰከንድ ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር። አሸነፈ። ውድድሩንም ወሰደ። እንዲህ ያለው ሰው ግን በዘመን አንድ ነው፤ ጀማሪ ልጅ በእሱ ዘዴ ልጀምር ቢል አልመክረውም።

የአንዳንዱ ተጫዋች ታሪክ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ግሪሹክ በረጅም ጨዋታ ሰዓት በማባከን የታወቀ ነው። ብዙ ያስባል፣ መጨረሻ ላይ ሰከንድ ይጎድለዋል። ያው ሰው ግን ሦስት ጊዜ የዓለም ብሊትዝ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ2006፣ በ2012ና በ2015። ለመጠራጠር ፋታ የማይሰጠው ጨዋታ የተስማማው ይመስለኛል።

ኢንተርኔት ላይ የሚጫወቱ ልጆች ስለ አንድ ነገር ደጋግመው ይጠይቁኛል። ተቃዋሚው ገና ሳይጫወት ቀጣዩን እርምጃ አስቀድሞ ማዘዝ ይቻላል፤ ፕሪሙቭ ይባላል። ኦፕኒንግህን ካወቅህ ብዙ ሰከንድ ያተርፍልሃል። አደጋም አለው። አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ነጩ የንጉሡን ወታደር ኢ4 ላይ ገፋ። ጥቁሩ የቢ ወታደሩን አንድ ቤት ገፍቶ፣ ቢሾፑን ቢ7 ላይ ለማውጣት አስቀድሞ አዘዘ። ነጩ ይህን ጠርጥሮ ቢሾፑን በቀጥታ ኤ6 ላይ አስቀመጠ። ጥቁሩ ቢያይ ኖሮ ቢሾፑን በነጻ ይበላው ነበር። ትእዛዙ ግን ቀድሞ ተሰጥቷል። የራሱ ቢሾፕ ቢ7 ላይ ወጣ፣ ተበላ፣ ጥግ ያለው ሩክም መውጫ አጣ። ጨዋታው በሦስተኛው እርምጃ አለቀ ማለት ይቻላል።

ስለ ፍጥነትና ስለ መግቢያ ካወራን የራሳችንን ጨዋታ ማንሳት አለብኝ። አባቶቻችን ሰንጠረጅ ይጫወቱ ነበር። የሰንጠረጅ መግቢያ ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም በአንድ ላይ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ። ዓይናቸው ግን ከተቃዋሚው እጅ አይነቀልም፤ እሱ ሰልፉን ሲለውጥ እነሱም ይለውጣሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ብቻ ተራ በተራ መጫወት ይጀመራል። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እኮራለሁ። ሰልፍን በፍጥነት ማደራጀት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያወቁ ሰዎች የሠሩት ሕግ ነው። ዛሬ ይህን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ከባድ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ለልጁ የመረጥኩለት ኦፕኒንግ ሎንደን ነው። ጥቁሩ ምንም ይጫወት ምን፣ ነጩ አንድ ዓይነት ሰልፍ ይሠራል ማለት ይቻላል። የንግሥቲቱ ወታደር ዲ4 ላይ። ቢሾፑ ኤፍ4 ላይ። ከዚያ ወታደሮቹ ኢ3ና ሲ3 ላይ ሆነው ከዲ4ቱ ጋር እንደ ጎጆ ጣሪያ ይቆማሉ። ፈረሶቹ ኤፍ3ና ዲ2 ላይ፣ ሌላው ቢሾፕ ዲ3 ላይ፣ ንጉሡ ወደ ጥግ። ቡና እየጠጡ የሚለመድ ነገር ነው። በጥቁር ደግሞ ካሮ ካን አልኩት፤ የሲ ወታደርን አንድ ቤት፣ ቀጥሎ የዲን ሁለት ቤት። ቢሾፑ ወታደሮቹ መንገድ ሳይዘጉበት ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሰልፉም ጠንካራ ነው።

አንድ ነገር ግን ደጋግሜ አስጠነቀቅሁት። በሎንደን ቢሾፑ ሲወጣ ቢ2 ላይ ያለችው ወታደር ጠባቂ ታጣለች። ጥቁሩ ይህን ካወቀ የሲ ወታደሩን ሁለት ቤት ይገፋና ንግሥቱን ቢ6 ላይ አውጥቶ ይመጣባታል። ሰልፉን በእጅ ልማድ ብቻ የሚሠራ ሰው እዚህ ጋ ወታደሯን በነጻ ያስበላል።

ባለፈው ቅዳሜ ያው ቤት፣ ያው በርጩማ፣ ያው ተማሪ። ልጁ ነጭ ደረሰው። የመጀመሪያዎቹን አምስት እርምጃዎች በስምንት ሰከንድ ጨረሰ። ተማሪው ፈገግ አለና ንግሥቱን ቢ6 ላይ አስቀመጠ። ልጁ ቢሾፑን ዲ3 ላይ ሊያወጣ እጁን ዘርግቶ ነበር። መለሰው። ሰሌዳውን አየ። ሰባት ሰከንድ ያህል ዝም አለ። ከዚያ የራሱን ንግሥት አንስቶ ቢ3 ላይ፣ ከተማሪው ንግሥት ፊት ለፊት አቆማት።