አሜሪካ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ያለ ሰው ከቤተሰቡ ጋር የመገናኘት መብት

እናት ወይም አባት አሜሪካ ውስጥ ነርሲንግ ሆም (አረጋውያንና ሕመምተኞች እየኖሩ የሚታከሙበት ተቋም) ሲገቡ ልጆች ብዙ ጊዜ ለማኝ ይሆናሉ። መቼ ልምጣ? ስልኩን ትሰጡልኛላችሁ? ይሄ ልመና አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው የፌዴራል ሕግና እሱን ተከትለው በመጡት ደንቦች መሠረት የሜዲኬር ወይም የሜዲኬይድ (ለአረጋውያንና ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሆኑ የመንግሥት የጤና መድን ፕሮግራሞች) ዕውቅና ያለው ነርሲንግ ሆም ሁሉ ነዋሪው ከውጭ ካሉ ሰዎች ጋር እንዲገናኝ የመፍቀድ ግዴታ አለበት።

ደብዳቤው ሳይከፈት ይደርሰዋል። ሰው በማይሰማበት ቦታ ስልክ ያወራል፣ በራሱ ወጪም ሞባይል መያዝ ይችላል። ተቋሙ ኢንተርኔት ካለው ቪዲዮ ኮልም እንደዚያው ነው። ነዋሪው እስከፈቀደ ድረስ ቤተሰብ በማንኛውም ሰዓት ሊጠይቀው ይችላል፤ ሌሊት ከሆነ ግን ክፍል የሚጋራውን ሰው እንዳይረብሽ ሌላ ቦታ ሊያገናኟቸው ይችላሉ።

መብቱ የነዋሪው ነው፣ የልጆቹ አይደለም። ነዋሪው ማየት የማይፈልገውን ሰው እምቢ ማለት ይችላል። ወንድምና እህት ሲጣሉም ውክልና የያዘው ልጅ ስለተናደደ ብቻ እናትየው ማየት የምትፈልገውን ሌላውን ልጅ በር ላይ ማስመለስ አይችልም። ፍርድ ቤት ሞግዚት ከሾመ ነገሩ ይለያል።

ይህ መብት ክፉኛ የተፈተነው በኮቪድ ጊዜ ነው። መጋቢት 2020 ፌዴራል መንግሥት ጉብኝት እንዲቆም አዘዘ፣ ስንቱ እናቱን በመስኮት እያየ ተሰናበተ! ሙሉ በሙሉ የተከፈተው ኅዳር 2021 ላይ ነው። በዚያው ወር የቴክሳስ መራጮች ነዋሪው የመረጠው አንድ አስፈላጊ ተንከባካቢ በአካል ከመጠየቅ እንዳይከለከል ሕገ መንግሥታቸውን አሻሻሉ።

ለእኛ ሰዎች ቋንቋም ትልቅ ነገር ነው። የመርሳት ሕመም ሲመጣ በኋላ የተማሩት እንግሊዝኛ ሊጠፋና አማርኛው ብቻ ሊቀር ይችላል፣ ያኔ የልጅ ስልክ በቀን ውስጥ የሚገባቸው ብቸኛ ንግግር ሊሆን ነው። ስለ ጤናቸውና ስለ እንክብካቤያቸው የሚነገራቸው በሚገባቸው ቋንቋ መሆን አለበት፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። አዲስ አበባ ላሉት ዘመዶች የሚመቸው ሰዓት ደግሞ ዋሽንግተን ላይ ጠዋት ነው፤ ሠራተኞቹ በማጠብና በማልበስ ቢዚ የሚሆኑበት ሰዓት። ስለዚህ የስልኩ ሰዓት እንክብካቤ ዕቅዳቸው ላይ በጽሑፍ ይግባ።

ከከለከሏችሁ መጀመሪያ ሶሻል ወርከሩን አነጋግሩ። ካልሆነ በየስቴቱ ለነዋሪዎች የሚሟገት ኦምቡድስማን አለ፣ አገልግሎቱ በነፃ ነው። አቤት ስላላችሁ እናታችሁን መበቀል በሕግ የተከለከለ ነው። አሲስትድ ሊቪንግ (በዕለት ተዕለት ኑሮ እገዛ የሚሰጥ፣ ከነርሲንግ ሆም የቀለለ መኖሪያ) ከሆነ ግን ደንቡን የሚያወጣው ስቴቱ ስለሆነ የስቴታችሁን ሕግ ለይታችሁ ጠይቁ።