አራቢስሞ ምንድን ነው?

አራቢስሞ የሚባለው ከዐረብኛ ወደ እስፓንኛ ገብቶ እንደ አገሬው ቃል የተዋሐደ ቃል ነው። በቁጥር ሲታይ ከላቲን የወረደው የቃላት ክምችት እጅግ ይበልጣል፤ ሆኖም አራቢስሞ የሚበዛው ኩሽናን፣ ገበያን፣ እርሻንና ግንባታን በመሰሉ የዕለት ተዕለት ሥፍራዎች ስለሆነ፣ ቋንቋውን የሚማር ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ይገጥመዋል። አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ከእነዚህ ቃላት የተወሰኑትን በቤቱ ያውቃቸዋል።

የታሪኩ መነሻ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 711 ነው። በዚያ ዓመት በጧሪቅ ኢብን ዚያድ የተመራ ጦር ከሰሜን አፍሪካ ባሕሩን ተሻግሮ ዛሬ ስፔንና ፖርቱጋል ወደሚገኙበት ልሳነ ምድር ገባ፤ የመጨረሻው የሙስሊሞች ግዛት ግራናዳ እጁን የሰጠው በ1492 ስለሆነ፣ ሁለቱ ቋንቋዎች ለሰባት መቶ ሰማንያ ዓመታት ያህል ጎን ለጎን ኖረዋል ማለት ነው። በደቡቡ ክፍል ዐረብኛ የገዥዎች ቋንቋ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ የሚኖሩ ክርስቲያኖችና አይሁዶችም ይናገሩት ስለነበር፣ ብዙ ጊዜ ቃሉ የገባው ከዕቃው ወይም ከሙያው ጋር አብሮ ነው። የመስኖ ቦይ አሴኪያ፣ ውኃ መሳቢያው መንኰራኵር ኖሪያ፣ ግንበኛውም አልባኚል ተብለው የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። የቦታ ስሞችና የተረሱት ሳይቀሩ ሲቆጠሩ አራቢስሞዎች ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል።

አብዛኞቹ በ«አ» ወይም በ«አል» ይጀምራሉ። «አል» በዐረብኛ ከስም በፊት የሚመጣ መስተኣምር፣ ማለትም ስሙ የታወቀ መሆኑን የሚያመለክት ቃል፣ ሲሆን፣ እስፓንኛ ተናጋሪዎች ግን ቃሉን የተቀበሉት በጆሯቸው እንጂ በጽሑፍ ስላልነበር የስሙ አካል አድርገው ወሰዱት። ጥጥ፣ በዐረብኛ አል-ቁጥን፣ አልጎዶን ሆነ። በዐረብኛ ሕግ «ል» እንደ ስ፣ ዝና ር ካሉ ድምፆች በፊት ሲመጣ የሚቀጥለውን ድምፅ ይመስላል፤ ስለዚህ ስኳር አስ-ሱከር ተብሎ ስለሚነበብ አሱካር፣ ሩዝም አር-ሩዝ ተብሎ አሮስ ሆኗል። (እዚህ የጻፍሁት እንደ ላቲን አሜሪካ አነባበብ ነው፤ በአብዛኛው ስፔን በእነዚህ በሁለቱ ቃላት «ስ» ፋንታ ምላስ በጥርሶች መካከል ገባ ብሎ የሚወጣ፣ አማርኛ የሌለው ድምፅ ይሰማል።) ዛሬ አንድ ማድሪዳዊ «ኤል አሱካር» ሲል ሁለት መስተኣምር ደርቦ መናገሩ ፈጽሞ አይታወቀውም። ጣሊያንኛ ያንኑ ቃል ያለ «አል» ወስዶ ዙኬሮ ማለቱ ልዩነቱን ያጎላዋል።

ለእኛ ከሁሉ የሚጥመው የዘይት ነገር ይመስለኛል። በእስፓንኛ ወይራ የሚመስለው የፍሬ ዛፍ ኦሊቮ ይባላል፣ ላቲን ነው፤ ፍሬው ግን አሴይቱና፣ ከፍሬው የሚጨመቀውም አሴይቴ፣ ሁለቱም ዐረብኛ ናቸው። አሴይቴ የመጣበት አዝ-ዘይት ከግዕዙ ዘይት ጋር አንድ ሥር አለው፤ ደብረ ዘይት ስንልም የምንጠራው ያንኑ ዛፍ ነው። የቤት ኪራይ አልኪሌር የሚባለው ከአል-ኪራእ ተወስዶ መጨረሻው ላይ «ር» ተጨምሮበት ሲሆን፣ የእኛም «ኪራይ» ከዚያው ከዐረብኛው የመጣ ነው። አልማሴን ከአል-መኽዘን ተገኘ፤ መጋዘንም፣ በየትኛውም በኩል ወደ እኛ ይድረስ፣ የመጀመሪያ ምንጩ ይኸው ነው። ስኒ ታሳ ይባላል፤ ምንጩ ዐረብኛው ጣሳ ነው። አልካልዴ ደግሞ ትርጉሙን የለወጠ ቃል ነው፦ ከአል-ቃዲ፣ ማለትም ከዳኛው፣ ተነሥቶ ዛሬ የከተማ ከንቲባ መጠሪያ ሆኗል።

ቋንቋዎች ስሞችን በቀላሉ ይዋዋሳሉ፤ የሰዋስው ቃላትን ግን እምብዛም አይዋዋሱም። ስለዚህ «እስከ» የሚል ትርጉም ያለው አስታ ከዐረብኛው ሐታ መምጣቱ የሁለቱን ሕዝቦች ቅርበት ከብዙ ስሞች በላይ ያሳያል። ምኞትን የሚገልጸው ኦሃላም «አላህ ቢሻ» ከሚል አነጋገር የመጣ ነው፤ ዛሬ ሃይማኖት የሌለው ሰው ጭምር «ምነው በዘነበ» ለማለት ይጠቀምበታል።

ይሁን እንጂ በ«አል» የጀመረ ሁሉ አራቢስሞ አይደለም። አልቶ (ረጅም)፣ አልማ (ነፍስ) እና አልሙዌርሶ (ምሳ) ከላቲን የወረዱ ናቸው። ካፌም ቡናችንን ስለሚያስታውስ ያታልላል፤ የጥንት ምንጩ ዐረብኛ ቢሆንም፣ ወደ እስፓንኛ የገባው በቱርክኛና በጣሊያንኛ በኩል ዞሮ ስለሆነ እንደ አሱካር የቀጥታ ውርስ አይደለም። ሸሚዝ የሚባለው ካሚሳ ደግሞ ቀሚስን ስለሚመስል ተማሪው አራቢስሞ አገኘሁ ሊል ይችላል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ካሚሳ በቀጥታ ከኋለኛው ዘመን ላቲን የወረደ ሲሆን፣ የቋንቋ አጥኚዎች እንደሚያስረዱት ዐረብኛው ቀሚስ ራሱ ከዚያው ከላቲን ቃል የተወሰደ ነው፤ አማርኛም ቀሚስን ከዐረብኛ ወስዷል። ጥርጣሬ ሲፈጠር በ1713 የተመሠረተው የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ የሚያዘጋጀውን መዝገበ ቃላት መመልከት ይቻላል፤ ከትርጉሙ በፊት የቃሉ ምንጭ በአጭሩ ተጽፎ ይገኛል፣ የአራቢስሞዎቹም ምንጭ ባብዛኛው «የስፔን ዐረብኛ» ተብሎ የተመለከተው በዚያው በደቡቡ ይነገር የነበረው ዘዬ ነው።